ኳሱ ጠረጴዛው ላይ እንዲቆይ የቱ ይሻላል? የፒንግ ፖንግ ልምምድ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

"ሦስቱን እመልሳለሁ፣ አራተኛው መረብ ላይ ይቀራል።" ፒንግ ፖንግ የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ብሎ ያውቃል። ቀጥለው የሚመጡት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው። ራኬት ልቀይር? ኳስ የሚወረውር ማሽን ይሻለኛል? ቶፕስፒን (ኳሱን ወደ ፊት እያሽከረከሩ መምታት) ልማር ወይስ በያዝኩት ልቀጥል? አንድ ምት ብቻ ልደጋግም ወይስ ሁሉንም ላደባልቅ?

ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸው ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የሚወሰነው በምን ዓይነት ኳስ ላይ እንደምትስቱ ነው። ስለዚህ ማነጻጸሩን ከመጀመራችን በፊት አንድ የቤት ሥራ አለ።

መጀመሪያ ስህተታችሁን ቁጠሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ወደ ጠረጴዛው ሂዱ። እንደወትሮው ተጫወቱ። ኳስ በሳታችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጻፉ። በፎርሃንድ (ራኬት በያዘው እጅ በኩል) ነው ወይስ በባክሃንድ (በተቃራኒው ጎን፣ በእጅ ጀርባ)? ኳሱ መረብ ውስጥ ገባ ወይስ ከጠረጴዛው አልፎ ወጣ? ስትመቱ ቦታችሁን ይዛችሁ ነበር ወይስ እጃችሁን ዘርግታችሁ ነው የደረሳችሁበት? 50 ስህተት እስኪሞላ ቀጥሉ። ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ችግር የለውም።

እኔ ይህን ያደረግሁት ችግሬ ባክሃንድ ነው ብዬ እርግጠኛ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ለወራት ባክሃንድ ብቻ ስለማመድ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስህተት የተመዘገበው በፎርሃንድ ነበር። ያውም አብዛኛው ባክሃንድ መትቼ ወዲያው ወደ ቀኝ በመጣ ኳስ ላይ። ክብደቴ ግራ እግሬ ላይ ቀርቶ፣ እግሬ ሳይንቀሳቀስ እጄ ብቻ ይሄዳል። ባክሃንዴ ጤነኛ ነበር። የታመመው ከአንዱ ምት ወደ ሌላው የምሸጋገርበት መንገድ ነው። ይህን ሳላውቅ ራኬት ብቀይር ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር።

ወረቀቱን ከጎናችሁ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ ወደ እሱ ይመልሳችኋል።

ጠፍጣፋ ምት ወይስ ቶፕስፒን?

ይህ ትልቁ ምርጫ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ጠፍጣፋ ምት የምንለው ኳሱን ብዙ ሳያሽከረክሩ በቀጥታ መምታትን ነው።

ጠረጴዛው 2.74 ሜትር ይረዝማል። መረቡ መሃል ላይ ነው፣ ቁመቱ 15.25 ሴንቲሜትር። አሁን ኳሱ ልክ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንበል። ከናንተ ጫፍ ተነስቶ፣ የመረቡን አናት ታክኮ፣ የወዲያኛው ጫፍ ላይ እንዲያርፍ ስትመቱት ከጠረጴዛው ቢያንስ 30.5 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። የመረቡ እጥፍ ማለት ነው። በቅብብል መሃል የሚመጣ ኳስ ብዙ ጊዜ ያን ያህል አይነሳም። ስለዚህ የምትመልሱት ኳስ ሁሉ ማለት ይቻላል መንገድ ላይ መጉበጥ አለበት። ወይ የመሬት ስበት ያጎብጠዋል፣ ወይ ስፒን፣ ማለትም የኳሱ መሽከርከር።

ስበቱ የሚረዳችሁ ቀስ ብላችሁ ስትመቱ ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ ኳስ የጠረጴዛውን ርዝመት እስኪጨርስ ስበቱ ወደ 37 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል። በሰከንድ 20 ሜትር ከሆነ ግን 9 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ። (አየሩ የሚያደርገውን ትተን ነው ያሰላነው።) ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የስበቱ እርዳታ ወደ ሩብ ይወርዳል። "ቀስ ስል ይገባል፣ ትንሽ ስጨምር ይወጣል" የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይህ ነው። እጃችሁ አልተበላሸም፤ ስበቱ ነው ጊዜ ያጠረበት።

ቶፕስፒን ይህን ክፍተት ይሞላል። ወደ ፊት የሚሽከረከር ኳስ አየሩ ራሱ ወደ ታች ይጫነዋል። ስለዚህ ከመረቡ በደንብ ከፍ አድርጋችሁ ልትልኩት ትችላላችሁ፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። ከመረቡ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይዞ ማለፍ ማለት ትንሽ ብትሳሳቱም ኳሱ ይተርፋል ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ቶፕስፒን ይጀምር? አይደለም። ቶፕስፒን የራሱ ዋጋ አለው። ራኬቱ ኳሱን ከኋላ ሳይሆን ከኋላ ወደ ላይ ጠርጎ መንካት አለበት። ጠረጋው ከሳሳ ኳሱ ጠርዝ ላይ ይንሸራተትና ይወድቃል። ከወፈረ ደግሞ ያው ጠፍጣፋ ምት ይሆናል። ድምፁን ስሙ። ጠፍጣፋ ምት "ጧ" ይላል፣ ጠንከርና ጠራ ያለ። ጥሩ ቶፕስፒን ድምፁ ዝቅና ለስለስ ያለ ነው፣ ላስቲኩ ኳሱን ለአፍታ ይዞ የለቀቀው ይመስላል። ሁለቱን ድምፅ ለመለየት ጆሮ የሚበቃበት ጊዜ ይመጣል፣ ያኔ ግማሹ ትምህርት አልቋል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። በቅብብል 20 ኳስ በቀላል ፍጥነት መመለስ ገና ካልቻላችሁ በጠፍጣፋው ምት ቆዩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። 20 ኳስ ትመልሳላችሁ ግን ፍጥነት ስትጨምሩ ኳሱ አልፎ የሚወጣ ከሆነ፣ ቶፕስፒን የምትማሩበት ሰዓት ደርሷል። ስህተታችሁ አብዛኛው መረብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም በፊት የራኬቱን አቅጣጫ እዩ፤ ምናልባት ወደ ታች ደፍታችሁት ይሆናል። በተለይ ባክስፒን ይዞ (ወደ ኋላ እየተሽከረከረ) የመጣ ኳስ ላይ ራኬቱ ትንሽ ወደ ላይ መከፈት አለበት።

ሦስተኛ አማራጭም አለ፣ ፑሽ። ኳሱን ከሥር ቆርጦ ዝቅ አድርጎ መመለስ። ስህተት ለመቀነስ ይህን የሚወዳደረው የለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ፕራግ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የፖላንዱ ኤርሊክና የሩማንያው ፓኔት አንዷን ነጥብ ለመጨረስ ከ2 ሰዓት በላይ ፈጅቶባቸዋል። ኳሱ አልሳት አለ። ዛሬ እንዲህ ያለው ጨዋታ በሕግ ተገድቧል። አንድ ጌም (የጨዋታው አንድ ዙር) 10 ደቂቃ ካለፈውና የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ 18 ካልደረሰ ልዩ ደንብ ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ ተቀባዩ 13 ኳስ ከመለሰ ነጥቡ የሱ ነው። ፑሽን ተማሩት፣ ያስፈልጋል። ግን ጨዋታችሁን ሁሉ በሱ ላይ ብትሠሩት፣ የመጀመሪያው ጎበዝ አጥቂ ሲመጣ መጠለያ ታጣላችሁ።

ኳሱን መቼ ትመታላችሁ?

ኳሱ ጠረጴዛው ላይ ነጥሮ ሲነሳ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ፣ ወይም መውረድ ሲጀምር መምታት ይቻላል።

ሲነሳ መምታት የተጋጣሚን ጊዜ ይሰርቃል። የእናንተንም ጊዜ ይሰርቃል። ለብሎክ፣ ማለትም የተጋጣሚን ኃይለኛ ምት ራኬት ደቅኖ ለመመለስ፣ ጥሩ ነው፣ ለሌላው ግን ዓይንም እጅም የለመደ ይፈልጋል። ሲወርድ መምታት ጊዜ ይሰጣል፣ ግን ኳሱ ከመረቡ ዝቅ ስለሚል ወደ ላይ ማንሳት ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ ቶፕስፒን ለሌለው ሰው ወጥመድ ነው። አናቱ ላይ ስትመቱ ኳሱ በጣም ከፍ ያለበትና ለአፍታ የቆመ የሚመስልበት ቅጽበት ነው። ስህተት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ግን ወጥነት ይኑራችሁ። አንዴ ሲነሳ፣ አንዴ ሲወርድ የሚመታ ሰው በየኳሱ አዲስ ምት እየፈጠረ ነው። ከጠረጴዛው ያላችሁን ርቀት በአንድ እጅ ርዝመት አካባቢ አድርጉና አትልቀቁት። የመምቻው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከርቀቱ ጋር አብሮ ይስተካከላል።

ከሰው፣ ከማሽን ወይስ ከግድግዳ ጋር?

ኳስ የሚወረውር ማሽን ያላችሁ ሰዎች ልምምዱ እንዴት እንደሚጣፍጥ ታውቃላችሁ። አይደክምም፣ አይሰለችም፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ስፒን ይልካል። አዲስ ምት ለመያዝ፣ ወይም የተበላሸ ምት ለማረም ከዚህ የሚሻል ጥቂት ነው። ችግሩ ማሽን ክንድ የለውም። በእውነተኛ ጨዋታ ኳሱ ምን እንደያዘ የምታውቁት ተጋጣሚው ራኬቱን እንዴት እንዳንቀሳቀሰ አይታችሁ ነው። ማሽኑ ፊት ለወራት የቆመ ሰው ምቱ ያምራል፣ ሰው ፊት ሲቆም ግን ኳሱን ዘግይቶ ያየዋል።

መልቲቦል የሚባለው ልምምድ በማሽንና በሰው መሃል ነው። አንድ ሰው በሳጥን ሙሉ ኳስ ይዞ አንዱን ከአንዱ እያስከተለ ይልክላችኋል። የቻይና ተጫዋቾች ልምምድ አንዱ ምሰሶ ይህ ነው። በአጭር ጊዜ ብዙ ኳስ ትመታላችሁ፣ የሚልከው ሰው ደግሞ ድካማችሁን አይቶ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የምትመቱት ኳስ አይመለስም። የላካችሁት ክፉም ሆነ ጥሩ፣ የሚቀጥለው ኳስ ያው ነው። ስለዚህ የምታችሁን ውጤት አትማሩም። ሁለተኛ፣ ሰው ሲቻኮል ቅርጹ ይፈርሳል። ከ15 ወይም 20 ኳስ በኋላ ክርናችሁ መንጠልጠል ከጀመረ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስህተትን መለማመድ ነው።

ግድግዳ ወይም አጋማሹ ወደ ላይ የታጠፈ ጠረጴዛ ሰው በሌለበት ጊዜ ይጠቅማል። ለባክሃንድ ምት ፍጥነትና ለእጅ ዝግጁነት ጥሩ ነው። ግን ስፒኑን እንደ ሰው አይመልስም፤ ቶፕስፒን ለመማር አይሆንም። በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

እና ከጓደኛ ጋር በአንድ ኳስ መቀባበልስ? ብዙ ሰው ይህን ማሟሟቂያ ብቻ ያደርገዋል። እኔ ግን ለቅብብል ጥራት ከሁሉም በላይ የማስቀምጠው ይህን ነው። ምክንያቱም የምትልኩት ኳስ ወደናንተ ይመለሳል። ጥሩ ከላካችሁ ጥሩ ይመጣል፣ ካበላሻችሁት ተበላሽቶ ይመጣል። ሙሉ ክፍያው እዚያው ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፣ ሁለታችሁም ከሙሉ ኃይላችሁ 60 ወይም 70 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ። ጓደኛችሁ በየሦስተኛው ኳስ የሚቀጠቅጥ ዓይነት ከሆነ፣ በወዳጅነት ንገሩት፤ እሱም ቢሆን እየተጠቀመ አይደለም።

ቆጠራውንም ምረጡ። አንዱ መንገድ በ5 ደቂቃ ውስጥ ስንት ኳስ እንደገባ መቁጠር ነው። ፈታ ያደርጋል፣ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ሌላው መንገድ 20 ላይ እስክትደርሱ መቁጠር፣ ከሳታችሁ ከዜሮ መጀመር ነው። 17ኛው ኳስ ላይ እጃችሁ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ጣቶቹ እጀታውን ጨብጠው ይይዛሉ፣ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ ምቱ ያጥራል። ጌም 9 ለ 9 ሲሆን የሚፈጠረውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ። 15 ላይ ስትደርሱ ወደ ውጭ ተንፍሱና እጀታውን ለቀቅ አድርጉ። ራኬቱን ከእጃችሁ የማያስወድቅ ያህል ብቻ መያዝ ይበቃል።

አንድ ዓይነት ምት ወይስ ድብልቅ?

ፎርሃንድ ለፎርሃንድ 100 ጊዜ፣ ከዚያ ባክሃንድ ለባክሃንድ 100 ጊዜ። ይህ ልምምድ የሚያስደስት ነው፣ ምክንያቱም በዓይናችሁ ፊት ትሻሻላላችሁ። ድብልቁ ግን ያበሳጫል። ኳሱ የት እንደሚመጣ አታውቁም፣ ትስታላችሁ፣ ያልተሻሻላችሁ ይመስላችኋል።

እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። የሰውነት እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለመድ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። አንድ ዓይነት የሚደጋግም ሰው በልምምዱ ሰዓት የተሻለ ይመስላል፣ ከቀናት በኋላ ሲፈተን ግን ብዙ ጊዜ ድብልቁን የተለማመደው ይበልጠዋል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። ድብልቁ ላይ እያንዳንዱን ምት ከአእምሯችሁ እንደገና ትጠሩታላችሁ፤ ጨዋታም የሚጠይቀው ያንን ነው።

ሆኖም ምቱ ገና ያልያዘለት ሰው ድብልቅ ውስጥ ቢገባ ይጠፋል። ስለዚህ በሁለቱ መሃል ያለውን አትዝለሉት። የኔ ተወዳጅ ፋልከንበርግ ይባላል፣ ስሙን ያገኘው ከስዊድኑ ክለብ ነው። ለቀኝ እጅ ተጫዋች እንዲህ ይሄዳል። ኳሱ ወደ ግራ ጥግ ይመጣል፣ በባክሃንድ ትመልሳላችሁ። እንደገና እዚያው ይመጣል፣ አሁን ግን እግራችሁን አዙራችሁ በፎርሃንድ ትመቱታላችሁ። ሦስተኛው ወደ ቀኝ ጥግ ይሄዳል፣ ሮጣችሁ በፎርሃንድ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መመለስ። ሦስት ኳስ ብቻ ነው፣ ግን ከቦታ ቦታ የምትሸጋገሩበትን መንገድ ሁሉ ይነካል። ወረቀታችሁ ላይ "እጄን ዘርግቼ" የሚለው ከበዛ፣ መድኃኒታችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሦስተኛው ኳስ ማለፍ ቀላል አይደለም። ጓደኛችሁ ቀስ አድርጎ ይላክላችሁ፣ እናንተም ኳሱን ከመከተላችሁ በፊት እግራችሁ ይሂድ።

ቅደም ተከተሉ በቃል ሲያዝ አንዷን ኳስ ነጻ አድርጓት። ለምሳሌ ጓደኛችሁ ሦስተኛውን ወደ ፈለገበት ይላክ። ትንሽ ጥርጣሬ ከገባ በኋላ ነው እውነተኛው ልምምድ የሚጀምረው።

ራኬትስ?

ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት። ራኬት ስህተት ሊያበዛ ይችላል፣ ስህተትን ግን ብቻውን አያድንም።

ላስቲኩ የሚለጠፍበት የራኬቱ ገላ ቢያንስ 85 በመቶ የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ሕጉ ያዛል፣ በቀረው ውስጥ ካርቦን የሚያስገቡ አሉ። ካርቦን ያለበት እንጨት ጠንካራና ፈጣን ነው። ለመካከለኛ ተጫዋች ከእንጨት ብቻ የተሠራ ኦልራውንድ የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ኳሱ ሲነካው ይሰማችኋል፣ ስህተታችሁን እጃችሁ ያውቀዋል።

ላስቲኩ ከሥሩ ስፖንጅ አለው፣ ሁለቱ ተደምረው ከ4 ሚሊሜትር መብለጥ አይችሉም። ወፍራም ስፖንጅ ጉልበት ይጨምራል፣ ቀጭን ደግሞ ቁጥጥር። 1.8 ሚሊሜትር አካባቢ ያለ ስፖንጅ ገና ቶፕስፒን እየተማረ ላለ ሰው ይበቃዋል። ለስለስ ያለው ይቅር ባይ ነው። ጠንካራና የሚያጣብቀው ላስቲክ ትልቅ ስፒን ይሰጣል፣ ግን ፈጣን ክንድ ላለው ብቻ። በዝግታ ለሚመታ ሰው እንደ ሞተ ሰሌዳ ነው የሚሆንበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያለውን ላስቲክ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉት። አቧራ የጠጣ ላስቲክ ቶፕስፒን ያሳጣል፣ እናንተም ምቴ ጠፋ ትላላችሁ። ኳሱንም እዩ። 40 ሚሊሜትር ስፋትና 2.7 ግራም ክብደት ያለው ነው መደበኛው። ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባሉት። ወደ ጎን እየተንገዳገደ ከሄደ ክቡ ተበላሽቷል፣ በሱ ላይ ምታችሁን አትፍረዱ።

አንድ ነገር ብቻ ልቀይር ካላችሁ

መረብ ውስጥ የሚበዛባችሁ ሰዎች፣ የራኬቱን አቅጣጫ አስተካክሉና ከጓደኛ ጋር በቀስታ ተቀባበሉ፣ አናቱ ላይ እየመታችሁ። አልፎ የሚወጣባችሁ ሰዎች፣ ማሽን ወይም መልቲቦል ፈልጉና ቶፕስፒን ጀምሩ፤ ምቱ እንደያዘላችሁ ወዲያው ወደ ሰው ተመለሱ። እጃችሁን ዘርግታችሁ የምትስቱ፣ ፋልከንበርግ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ። ሁሉም እኩል ከሆነባችሁ 20 እስኪሞላ የሚቆጠረውን ጨዋታ ያዙ።

ከአንድ ወር በኋላ ወረቀቱን አውጡና 50 ስህተት እንደገና ቁጠሩ። የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣሉት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የትኛው መስመር እንደቀነሰ እዩ። የሚቀጥለው ወር ልምምድ ከዚያ ይነሳል።